ተናካሽ ውሻ ይታረማልን?

በከተሞቻችን በብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ ውሻው እንደሚናከስ ባለቤቱ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ይህን ጠባይ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። ሦስተኛ፣ ጥንቃቄው የእርሱ ሳይሆን የመንገደኛው ድርሻ እንደሆነ ያምናል። ይህ የመጨረሻው እምነት በሕግ ፊት አይጸናም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ሁለተኛው እምነት ደግሞ በሳይንስ ፊት አይጸናም፤ ብዙውን ጊዜ ውሻ ሰውን የሚነክሰው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን ስለፈራ ነውና።

ለመሆኑ መናከስ የለመደ ውሻ ሊታረም ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚዮሎጂ፣ ከሥነ ባሕርይ ጥናትና ከፊዚክስ አንጻር እንመለከተዋለን። የምንደርስበትን መደምደሚያ አስቀድመን ብንገልጽ አይከፋም፦ ውሻው አዲስ ነገር ይማራል፤ የቀድሞውን ግን አይረሳም። ስለሆነም ሥልጠና አጥርን፣ አጥርም ሥልጠናን ሊተካ አይችልም።

ከሥልጠና የሚቀድመው

በአገራችን ስለ ተናካሽ ውሻ የሚደረግ ውይይት ሁሉ ከእብድ ውሻ በሽታ መጀመር ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ይህ በሽታ በሰው ላይ ሲከሠት እስከ 99 በመቶ በሚሆነው ጊዜ አስተላላፊው ውሻ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በበሽታው እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኞቹም የእስያና የአፍሪካ ነዋሪዎች ናቸው። በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ግን ጊዜ አለ። ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ በኩል አዝግሞ ስለሆነ፣ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ባብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ነው፤ ከ1 ሳምንት እስከ 1 ዓመት ሊለያይም ይችላል። ክትባቱ የሚቀድመው በዚህ የጊዜ ክፍተት ውስጥ ነው። በመሆኑም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በወራጅ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የሳሙናው አገልግሎት ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ቫይረሱ የተጠቀለለበትን የስብ ሽፋን ያፈርሳል።

ውሻውስ? የሚታወቅ ውሻ ከሆነና በሕይወት ካለ፣ በቁጣ ተነሣሥቶ ከመግደል ይልቅ ከሰው ለይቶ ለ10 ቀናት መጠበቅ ይገባል። የዚህ ቁጥር ምክንያት ግልጽ ነው። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ ነው። በነከሰበት ዕለት ምራቁ ቫይረስ የነበረበት ውሻ እንግዲህ በ10 ቀናት ውስጥ ታሞ ይታያል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን እነዚህን ቀናት ሳይጠብቅ ክትባቱን ይጀምራል፤ መቀጠሉንና ማቋረጡን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ፣ የጆሮ ቁስል፣ የጥርስ ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ውሻን ነካሽ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ውሻ ከአሠልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ንክሻ የመጨረሻው ቃል ነው

«ምንም ሳያስጠነቅቅ ነከሰ» ሲባል እንሰማለን። አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ያነበበው ግን አልነበረም። የተጨነቀ ውሻ በመጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ቀጥሎም ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቃል፤ የዓይኑ ነጭ እየታየ በጎን ይመለከታል፤ ገላው ደርቆ ይቆማል። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። እነዚህ ሁሉ «ራቀኝ» የሚለውን አንድ መልእክት እየደጋገሙ የሚያስተላልፉ ናቸው። ጅራቱን መቁላቱም ሁልጊዜ የደስታ ምልክት አይደለም፤ ገላው ደርቆ ጅራቱ ብቻ የሚወዛወዝ ውሻ እንዲቀርቡት አይፈልግም።

ከነዚህ ምልክቶች ወደ ንክሻው የሚያሻግረውን ወሰን በዚህ ጽሑፍ «ደፍ» ብለን እንጠራዋለን። የበር ደፍ ካልተሻገሩት በቀር ከቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ የውሻው ጭንቀት ከደፉ በታች እስከሆነ ድረስ ንክሻ አይኖርም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ጭንቀት ይደመራል። ጆሮው የታመመ ውሻ ሕመሙን ብቻ ቢሆን ይታገሠዋል። የቀትሩን ሐሩርም ይታገሣል። የማያውቀው እንግዳ በበሩ ሲገባም ይታገሣል። ሦስቱ በአንድ ቀን ተገጣጥመው ሳለ አንድ ልጅ የምግብ ሣህኑን ቢነካ ግን ድምሩ ደፉን ያልፋል። ቤተሰቡ «ትናንት ይኸው ልጅ ሣህኑን ሲነካ ምንም አላለውም ነበር» ብሎ ይገረማል። የተለወጠው ልጁ ሳይሆን ድምሩ ነው።

የሰንሰለቱ ፊዚክስ

ቀን በሰንሰለት ታስሮ ውሎ ሌሊት የሚለቀቅ ውሻ በብዙ ግቢዎች የተለመደ ነው። ይህ አያያዝ ውሻውን ምን እንደሚያስተምረው ለመረዳት ቀላል ስሌት እንሥራ።

25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ወደ በሩ በሰከንድ 6 ሜትር ፍጥነት ይሮጣል እንበል። ሞመንተሙ 25 በ6 ሲባዛ 150 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ሰንሰለቱ አልቆ ውሻውን በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢያቆመው፣ አማካይ ጉልበቱ 150 ለ0.1 ሲካፈል 1500 ኒውተን ነው። የውሻው ክብደት 245 ኒውተን ያህል ስለሆነ፣ አንገቱ ላይ ያረፈው ጉልበት የራሱን ክብደት ስድስት እጥፍ ያህላል። የአንገት ማሰሪያው ከጉሮሮው ጋር የሚገናኝበት ስፋት 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ 250 ሺህ ፓስካል፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ሰንሰለት ስለማይለጠጥ የማቆሚያው ጊዜ ከዚህም ሊያጥር፣ ጉልበቱም ሊጨምር ይችላል።

ውሻው ይህን ስሌት አያውቅም። የሚያውቀው ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ጉሮሮው እንደሚታነቅ ነው። ውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ መጣ፤ ጉሮሮው ታመመ። የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊወስድ ገባ፤ ጉሮሮው ታመመ። ከጥቂት ወራት በኋላ እንግዳና ሕመም በውሻው አንጎል ውስጥ ይቆራኛሉ። ባለቤቱ ሳያስበው ለመናከስ የሚያዘጋጅ ትምህርት ሰጥቶታል።

ፓቭሎቭ ምን አሳየ?

ይህን መቆራኘት በቤተ ሙከራ በሥርዓት ያጠናው ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራው፣ የሜትሮኖም ድምፅ ከምግብ አስቀድሞ በተደጋጋሚ የተሰማቸው ውሾች ውሎ አድሮ በድምፁ ብቻ ምራቃቸው መውረድ ጀመረ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባላችን ይህንኑ ቁርኝት ከሕይወት ልምድ ያስተዋለ ይመስላል።

ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚህ የቀጠለው ሙከራ ነው። ድምፁ ያለ ምግብ በተደጋጋሚ ሲሰማ ምራቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቁርኝቱ የጠፋ መሰለ። ውሻው አርፎ ቆይቶ ድምፁ እንደገና ሲሰማ ግን ምራቁ ተመልሶ ወረደ። ፓቭሎቭ ከዚህ በመነሣት የቀድሞው ትምህርት እንዳልጠፋ፣ እንደታፈነ ብቻ ደመደመ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ባውተን ይህን አስፋፍቶ አሳይቷል፤ ፍርሃት በአንድ ስፍራ ከበረደ በኋላ፣ እንስሳው ወደ ሌላ ስፍራ ሲወሰድ ሊያገረሽ ይችላል። በግቢው ውስጥ ለእንግዳ ጨዋ የሆነ ውሻ በመንገድ ላይ ሌላ ውሻ የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ዱላ ምን ያስተምራል?

ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል። ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም እንግዳው በመጣ ቁጥር ዱላ ስለተጨመረበት ቁርኝቱ ጸንቷል። የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ይህ የእሳት አደጋ ደወል ስለጮኸ ደወሉን ሰብሮ እሳቱን እንደ መተው ነው።

በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ለባሕርይ ችግር ውሾቻቸውን ያመጡ 140 ባለቤቶችን መጠይቅ መርምሯል። ውሻቸውን የመቱ ወይም የረገጡ ባለቤቶች 43 በመቶ ያህሉ ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል፤ ትኩር ብለው በማፍጠጥ ሊያስፈራሩት ከሞከሩት ደግሞ 30 በመቶው። በጉርሻ ከማሠልጠን የተገኘው የቁጣ ምላሽ ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

«ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ አለቃው ማን እንደሆነ በኃይል ማሳየት ያሻል» የሚለው አስተሳሰብም መሠረቱ ተናግቷል። ሐሳቡ በእጅጉ የተመሠረተው በአንድ አጥር ውስጥ በተሰበሰቡ ተኩላዎች ላይ በተደረገ ምልከታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ያስፋፋው ዴቪድ ሜክ ራሱ፣ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፣ በተፈጥሮ የሚኖር የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንደሆነ አስረድቷል።

ርቀት እንደ መድኃኒት

ታዲያ ፍርሃትን በምን እንቀንሰው? የመጀመሪያው መሣሪያ ርቀት ነው፤ ጂኦሜትሪም ለምን እንደሆነ ያሳየናል። ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ልጅ በሰከንድ 4 ሜትር ፍጥነት ወደ ውሻው ይሮጣል እንበል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ልጁ በውሻው ዓይን የሚይዘው ማዕዘን 3.4 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ5 ሜትር ላይ 14 ዲግሪ ይጠጋል። ማዕዘኑ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ማዕዘኑ የሚያድግበት ፍጥነት ግን ከርቀቱ ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ በሰከንድ 0.7 ዲግሪ የነበረው ወደ 11 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። በዓይን ፊት እንዲህ እየገዘፈ የሚመጣ ነገር ለብዙ እንስሳት የአደጋ ምልክት ነው።

ከዚህ ሦስት ምክሮች ይወጣሉ። ርቀቱን መጨመር፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ቀጥታ ከመምጣት ይልቅ ቅስት ሠርቶ በጎን ማለፍ። በቅስት የሚያልፍ ሰው ርቀቱን ስለማያሳጥር አይገዝፍም። ወደ ውሻ አለመሮጥ፣ ከውሻም አለመሮጥ የሚለው ለልጆች የሚሰጥ ምክር ከዚህ ጋር ይስማማል።

አሠራሩ

ሥልጠናው የሚጀምረው ውሻው ሰውየውን አይቶ ሳይደርቅና ሳያጉረመርም ከሚቆይበት ርቀት ነው። ይህ ርቀት ለአንዱ ውሻ 10 ሜትር፣ ለሌላው 40 ሜትር ሊሆን ይችላል። ውሻው ደረቱን በሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ይያዛል። ሰው ብቅ ይላል፤ ወዲያው ለውሻው ጉርሻ ይሰጠዋል፤ ሰውየው ሲሰወር ጉርሻው ይቆማል። ለጉርሻ ከልኳንዳ ቤት የተገዛ ሳንባ ተቀቅሎ በጥቃቅኑ ተቆርጦ ቢቀርብ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ውሻው በሌላ ጊዜ የማያገኘው ምግብ መሆኑ ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ጉርሻ። ከተገለበጠ ጉርሻው የአደጋ መቅድም ይሆንና ውሻው ሳንባ ባየ ቁጥር «ማን ሊመጣ ነው?» ብሎ መጨነቅ ይጀምራል። በሜትሮኖሙ ሙከራ ድምፁ ከምግቡ የቀደመውም በከንቱ አልነበረም።

እያንዳንዱ ልምምድ ከጥቂት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ውሻው ሰውየውን ሲያይ ወደ ባለቤቱ ዞሮ ጉርሻውን መጠባበቅ ሲጀምር፣ ርቀቱ በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ይቀንሳል። የጭንቀት ምልክት ከታየ ግን ያለ ቁጣ ወደ ቀድሞው ርቀት መመለስ ነው። አንድ ሰው ከተለመደ በኋላ ሌሎች ሰዎች፣ ሌላ ልብስ፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ስፍራ ይጨመራሉ፤ ባውተን እንዳሳየው በአንድ ስፍራ የተገኘ ሰላም ወደ ሌላው በራሱ አይሸጋገርም። ይህ ሁሉ የሳምንታት ሳይሆን የወራት ሥራ ነው። ሰውን ነክሶ ያቆሰለ ውሻ ሲሆን ደግሞ በእንስሳት ሐኪም ወይም ልምድ ባለው ባለሙያ ምክር ሊከናወን ይገባል፤ ልጆች በምንም ዓይነት የሙከራው አካል አይሆኑም።

ሥልጠናው አጥሩን አይተካም

የቀድሞው ቁርኝት ታፍኖ እንጂ ጠፍቶ ስላልሆነ፣ ያልታሰበ ቀን ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ለዕድሜ ልክ ነው። ከሰንሰለት ይልቅ ውሻው እንደልብ የሚንቀሳቀስበት፣ ጥላና ውኃ ያለው፣ ከግቢው መግቢያ የራቀ የታጠረ ስፍራ ይሻላል። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ውሻው ወደዚያ ይገባል። ውሻና ሕፃን ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም።

ከቤት ሲወጣ አፉ ላይ የሚጠለቅ ቅርጫት መሰል መከላከያ ያስፈልገዋል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው ስለማያልብ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ከምላሱና ከአፉ የሚተን እያንዳንዱ ግራም ውኃ 2400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞለት ይሄዳል። አፉን ጨርሶ የሚዘጋ ማሰሪያ ይህን መንገድ ስለሚያግድ በሐሩር ጊዜ ለሕይወቱ አስጊ ነው። በቅርጫቱ ውስጥ ግን ማለክለክም፣ ውኃ መጠጣትም፣ ጉርሻ መቀበልም ይችላል።

ተስፋው ለሁሉም ውሻ እኩል አይደለም። የእንስሳት ሐኪምና የባሕርይ ባለሙያ የሆነው ኢያን ደንባር ንክሻን በ6 ደረጃ ይከፍለዋል። 1ኛው ጥርስ ቆዳ ያልነካበት፣ 2ኛው ነክቶ ያልበሳበት፣ 3ኛው በአንድ ንክሻ ከ1 እስከ 4 ቀዳዳ ያደረሰና ጥልቀቱ ከክራንቻው ግማሽ ያልበለጠ፣ 4ኛው ከዚያ የጠለቀ፣ 5ኛው ጥልቅ ንክሻን የደጋገመ፣ 6ኛው የገደለ ነው። መለኪያው የቁጣውን መጠን ሳይሆን ውሻው መንጋጋውን ምን ያህል እንደገታ ያሳያል። የክራንቻ ጫፍ ስፋት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በላዩ ያረፈው ጉልበት 100 ኒውተን ብቻ ቢሆን እንኳ ግፊቱ 100 ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም የከባቢ አየር ግፊት ሺህ እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህን መሣሪያ ይዞ ቆዳ ሳይበሳ የተመለሰ ውሻ ራሱን ገትቷል፤ የመታረም ተስፋውም ሰፊ ነው። በላይኛዎቹ ደረጃዎች ላይ የደረሰ ውሻ ግን ራሱን መግታት ያልተማረ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ ሕይወቱ እንዲያልፍ ሊመክር ይችላል። ያን ምክር መቀበል የሚከብድ ቢሆንም፣ የሰውን ልጅ ሕይወት ለዕድል ከመተው ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ውሻው ተናካሽ ከመሆኑ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ ባሳተሙት ረጅም ጥናት፣ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን ያለ ፍርሃት የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ዕድሜው ድረስ እንደሆነ አሳይተዋል። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን፣ ጃንጥላ የያዘውን፣ የሚሮጠውን ልጅ በሰላም ያየ ቡችላ አድጎም እንግዳን ከአደጋ ይለያል። ጠባቂነቱ አይቀርበትም፤ የሚጮኸው ግን ስለፈራ ሳይሆን ሰው መምጣቱን ሊነግረን ነው። ለቤታቸው ቡችላ ያመጡ ወይም ሊያመጡ ያሰቡ አንባብያን ካሉ፣ ክትባቱን አስከትበው እነዚህን ሳምንታት እንዲጠቀሙባቸው እንመክራለን። በኋላ ወራት ፈጅቶ የሚደረበውን ትምህርት ያን ጊዜ በቀናት መስጠት ይቻላልና።